ከማንኛውም ቆሻሻ ነፃ መሆኑን

እኔ ዕቃ ሳልቆጥር ፈርሜ የማላውቅ ሰው ነበርኩ። ቴፒ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ስሠራ ጠመኔን እንኳ በካርቶን ሳይሆን ከፍቼ በፍሬ ነበር የምረከበው። መምህራኑ «የሷ ነገር! ነገ ደግሞ የስፖንጁን ቀዳዳ ትቆጥራለች» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ሲስቁብኝ እናደዳለሁ፤ ንዴት ለኔ ሩቅ ነገር አይደለም። ግን በነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድም ዕቃ ጎድሎብኝ አያውቅም።

ወደ ሚዛን አማን የመጣሁት የማዘጋጃ ቤቱ የመናፈሻ ተንከባካቢ ሆኜ ተቀጥሬ ነው። የስድስት ወር የሙከራ ጊዜዬን በሰላም ከጨረስኩ ቋሚ ሠራተኛ እሆናለሁ። ሁለት ልጆች ለብቻዋ ለምታሳድግ ሴት «ቋሚ» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ በኮንትራት የኖረ ሰው ያውቀዋል። ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ ሰኔ ላይ ውሌን ያድስልኝ አያድስልኝ እንደሆነ ስጨነቅ ኖሬያለሁ። ያ ጭንቀት ሊያበቃ ስድስት ወር ቀረው ብዬ ነው ጓዜን ጠቅልዬ የመጣሁት።

መናፈሻው ከከተማው ዳር፣ ከዳገቱ ሥር ነው። ከፊት ለፊት ሣር፣ የሲሚንቶ አግዳሚ ወንበሮችና በቀለም የተቀቡ አሮጌ ጎማዎች አሉ። በጎን በኩል ደግሞ ልጆች እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ገብተው የሚንቦራጨቁባት ትንሽ ጅረት ታልፋለች። ጅረቷ የምትመጣው ከበስተኋላ፣ ዛፍና ሐረግ ከተጠላለፈበት ተዳፋት ሥር ነው። ቅዳሜና እሑድ ቤተሰብ ምሳውን በሳህን ቋጥሮ ይመጣል፤ ከቴፒ ድረስ ሙሽሮች ፎቶ ሊነሱ ይመጣሉ። ከፊት ለፊቱ ብቻ ለሚያየው ሰው በእውነት ያምራል።

ያስረከቡኝ ሰው ጡረታ የሚወጡ ሽማግሌ ነበሩ። እኔ «ጋሼ» እላቸዋለሁ፣ እሳቸው «ልጄ» ይሉኛል። ወሩ ነሐሴ ነበር። የዚህን አገር ነሐሴ የማያውቅ ሰው፣ ጠመኔ በፍሬ የምትቆጥር ሴት እንዴት እንዲህ ትሳሳታለች ብሎ ይገረም ይሆናል። እዚህ ለአጥር የተተከለ እንጨት ቅጠል ያወጣል። መሬት ላይ የተረሳ ነገር ሁሉ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሐረግ ለብሶ ይጠፋል። ጋሼ ጃንጥላ ይዘው እየተከተሉኝ ወንበሩን ቆጠርኩ፣ የውሃ ማጠጫውን ቆጠርኩ፣ የአትክልት መቀሱን ቆጠርኩ። ከመቀሶቹ አንዱ እጀታው የተሰበረ ስለነበር «የተሰበረ» ብለው እንዲጽፉልኝ አደረግሁ።

ወደ ኋላ በኩል ስንዞር ተዳፋቱ ላይ አንድ ጉብታ አየሁ። አረንጓዴ ሐረግ ሙሉ በሙሉ ሸፍኗታል፣ ላይዋ ላይ ወይን ጠጅ አበባ አለ። ጭቃው ስላስፈራኝ ጠጋ አላልኩም።

«ጋሼ፣ ይህችን ጉብታ እንዴት ዝም አሏት? አበባ ቢተከልባት እኮ የመናፈሻው ጌጥ ትሆናለች» አልኳቸው።

ጃንጥላውን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩና «መሬቱ ድንጋያማ ነው» አሉኝ።

የርክክብ ቅጹ መጨረሻ ላይ አንዲት መስመር ነበረች፦ «የመናፈሻው ይዞታ ከማንኛውም ቆሻሻ ነፃ መሆኑን አረጋግጬ ተረክቤያለሁ።» ወንበሩን ቆጥሬ፣ መቀሱን ቆጥሬ፣ መሬቱን ሳልረግጥ ፈረምኩ።

ታኅሣሥ ላይ ዝናቡ ቀነሰ፣ ሐረጉም መጠውለግ ጀመረ። ከማዘጋጃ ቤቱ የአበባ ችግኝ ሲሰጠኝ ጊዜ ያችን ጉብታ አስታወስኩና ገጀራ ይዤ ወጣሁ። የመጀመሪያው ምት ሐረጉን አልፎ የሕፃን ላስቲክ ጫማ ላይ አረፈ። አንድ ጫማ ነው ብዬ ሁለተኛውን ሰነዘርኩ። የተሰባበረ ጠርሙስ፣ ዳይፐር፣ የውሃ ፕላስቲክ፣ የተቀደደ ማዳበሪያ፣ የበሰበሰ የቡና ገለባ። እስከ ወገቤ ድረስ ቆፈርኩ፤ ከሥሩ መሬት የሚባል ነገር አላገኘሁም። ጉብታ አልነበረችም። ከላይ እስከ ታች፣ ጅረቷ አፋፍ ድረስ፣ ሰው ለዓመታት የደፋው ቆሻሻ ነው። ገጀራዬን ጥዬ እዚያው ቁጭ አልኩ። የታየኝ ቆሻሻው አይደለም፣ ፊርማዬ ነው። አሁን ሄጄ ብናገር «ንጹሕ ነው ብለሽ ተረክበሻል፣ ካንቺ በኋላ ነው የተጣለው፤ ካልሆነም በሐሰት ፈርመሻል» ይሉኛል። በሁለቱም ቢሆን የሙከራ ጊዜዋን ያልጨረሰች ሠራተኛን ማሰናበት ደግሞ አንድ ደብዳቤ ነው።

በማግስቱ አማን ሰፈር ወዳለው ወደ ጋሼ ቤት ሄድኩ። በሄድኩበት ፍጥነት ሰው ቢያየኝ ልደባደብ የምሄድ ይመስለው ነበር። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ነበር።

«አገኘሽው?» አሉኝ ገና ሳልቀመጥ።

«ድንጋያማ ነው አላሉኝም ጋሼ? ይኼ ነው ድንጋዩ?»

«እኔም ስረከብ ነበር» አሉ። «ያኔ ትንሽ ናት፣ አንድ ጋሪ ብትሞላ ነው። ነገ አስነሳታለሁ ብዬ ፈረምኩ።»

«ነገ ስንት ዓመት ሆነው?»

«አሥራ አንድ።» ፈገግ ሊሉ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። «ልጄ፣ የጡረታ ፋይሌ ገና ነው። ክሊራንስ ይቀረዋል። አሁን ይህ ነገር ከተነሳ ይመልሱኛል። እስኪያልቅልኝ ድረስ ብቻ ዝም በይልኝ። ያለቀልኝ ዕለት ራሴ መጥቼ እነግርሻለሁ። ከዚያ በኋላ ጻፊ፤ እሳቸው ናቸው ያታለሉኝ በይ። እኔም መጥቼ እመሰክርልሻለሁ።»

እሺ አልኳቸው። ስወጣ ቀለል ብሎኝ ነበር፤ ለሽማግሌ ብዬ ዝም ማለት የሚያሳፍር ነገር አልመሰለኝም።

ዝምታዬ አንድ ወር እንኳ ሳይሞላው ዋጋ ያስከፍለኝ ጀመር። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ከኋላ ባለው መንገድ የባጃጅ ድምፅ ሰምቼ ስሮጥ፣ አንድ ሰው ቆሻሻ የሞላ ማዳበሪያ እያወረደ ደረስኩበት።

«አንተ! ምን እየሠራህ ነው?»

«እትዬ፣ ቀስ ይበሉ፣ ይወድቃሉ» አለኝ ሳይደነግጥ።

«ታርጋህን ይዣለሁ! አሁኑኑ ነው የማመለክተው!»

«ያመልክቱ። የኔ ሦስት ማዳበሪያ ናት። መጥተው ሲያዩ ግን ያ ሁሉ የማን ነው ሲሉዎት ምን ሊሉ ነው? ፈርመው ተቀብለው የለ እንዴ?»

እንዴት እንዳወቀ አልጠየቅሁትም። እዚህ ከተማ ሰው ምን እንደፈረመ ሚስጥር ሆኖ አያድርም። ሦስተኛውን ማዳበሪያ ቀስ ብሎ አውርዶ፣ እጁን አራግፎ፣ «በሉ ደህና ዋሉ» ብሎኝ ሄደ። ተናድጄ ማዳበሪያውን በርግጫ ስለው ተቀደደና የዶሮ ላባ ጫማዬ ላይ ተበተነ። ላባውን እየለቀምኩ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ወሬው ተዳረሰ መሰለኝ፣ ሌሎችም መጡ። የምግብ ቤት ትርፍራፊ፣ የቡና መፈልፈያ ገለባ፣ የፈረሰ ቤት ፍርስራሽ። መጀመሪያ እጮህ ነበር። ቀጥሎ ዝም አልኩ። ከዚያ ደግሞ አንድ ቀን ራሴን ስሰማው «እዚህ አትድፋው፣ ይታያል፤ እዚያ ጥግ አድርገው» ስል ነበር። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፣ በገዛ አፌ፣ ቦታውን ልጠብቅ የተቀጠርኩት። ከፊት በኩል እንዳይታይ የቀርከሃ አጥር አጠርኩና «ማለፍ ክልክል ነው» ብዬ በቀለም ጻፍኩበት። ከዚያ በፊት የሚደፋው ሰው ግራ ቀኙን ይቃኝ ነበር። አጥር ከሠራሁለት በኋላ ግን ዘና ብሎ ይደፋ ጀመር።

ተዳፋቱ ዛፎች ላይ የሚውሉት ጦጣዎች ግን ማስታወቂያ አያነቡም። ጠዋት ጠዋት ከኋላ እየጎተቱ ወደ ፊት የሚያመጡትን ዳይፐርና ፌስታል ሰው ሳይገባ ለመልቀም አንድ ሰዓት ቀድሜ መግባት ጀመርኩ። አንድ ቅዳሜ ሙሽሪት ቬሏን ሣሩ ላይ ዘርግታ ፎቶ ስትነሳ፣ አንዷ ጦጣ ከዛፍ ላይ ያገለገለ ዳይፐር ለቀቀችባት። ሙሽሪት ጮኸች፣ ሚዜዎቹ በሳቅ ወደቁ፣ ፎቶ አንሺው «በቪዲዮ ይዤዋለሁ!» ይላል። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ስስቅ ግን «ከየት አመጣችው?» የሚል ሰው እስኪነሳ እየጠበቅሁ ነበር።

ፈቃድ መውጣት ቀረብኝ። የሚተካኝ ሰው ወደ ኋላ ቢሄድስ? ጉንፋን ይዞኝ ትኩሳቱ ሲያንቀጠቅጠኝ እንኳ ሹራብ ደርቤ ገባሁ። ቤቴ ስገባ ልጆቼን በትንሽ በትልቁ እቆጣ ነበር። ትልቋ «እማዬ፣ መናፈሻ ውስጥ እየዋልሽ እንዴት ነው እንዲህ የምትናደጂው?» ብላ ጠየቀችኝ።

የካቲት ላይ የቋሚነት ደብዳቤዬ መጣ። ስንት ዓመት የጠበቅሁት ወረቀት ነው። ግን ደስታው እስከ መናፈሻው በር እንኳ አላደረሰኝም። ሙከራው ካለፈ ማን ያባርረኛል? ታዲያ ለምንድን ነው የማልናገረው? መልሱ ዝግጁ ነበር፦ የጋሼ ፋይል አላለቀም፣ ቃል ገብቻለሁ። እውነቱ ግን ሌላ ነበር። አሁን ብናገር የሚጠየቀው የነሐሴው ፊርማ ብቻ አይደለም፤ ከታኅሣሥ ወዲህ ያየሁትን፣ አጥር አጥሬ የደበቅሁትን፣ «እዚያ ጥግ አድርገው» ያልኩትን ሁሉ ነው። በየቀኑ ዝም ባልኩ ቁጥር የምናገረው ነገር ይበዛብኝ ነበር።

መጋቢት መጀመሪያ ላይ ጋሼን በር ላይ አየኋቸው። ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ ውስጥ ያማትራሉ። እኔ ሣር እያጨድኩ ነበር። ማጭዴን ይዤ በቀርከሃው አጥር ጀርባ ዞርኩና ቆሻሻው አጠገብ ተቀመጥኩ። ከሳምንት በኋላም መጡ፤ ያኔም ዞርኩ። ለምን እንደመጡ አውቄ ነበር ወይ ብባል፣ እንዳላውቅ ነው የዞርኩት። እሳቸው «አለቀልኝ» ካሉኝ፣ የምሸሸግበት ሽማግሌ አይኖረኝም።

ኢድ በዋለ ሳምንት ዝናቡ ገባ። ሁለት ቀን ሙሉ ወረደ። በበዓሉ ጠዋት ስገባ ጅረቷ ደፍርሳ አገኘኋት። ወደ ኋላ ስሄድ ከክምሩ ግማሹ ተንዷል። ጠርሙሱና ቆርቆሮው ውሃው ውስጥ ገብቷል። ልጆች ወደሚንቦራጨቁበት ቦታ ሮጬ ወርጄ በጥርሳም ሬክ የታየኝን ሁሉ ጎትቼ አወጣሁ። የታየኝን ነው የምለው። ውሃው ግን የደፈረሰ ስለነበር ከሥሩ ምን እንዳለ አይታይም። መናፈሻውን መዝጋት እችል ነበር። ለመዝጋት ግን ምክንያት ጽፌ መላክ አለብኝ፤ ያን ምክንያት ደግሞ መጻፍ አልቻልኩም።

ረፋዱ ላይ ሰው መጣ። አዲስ ልብስ የለበሱ ልጆች ሣሩን ሞሉት። ከጅማ በኩል የመጡ፣ ከተማው ውስጥ ሱቅ ያላቸው አንድ ቤተሰብ ምንጣፋቸውን ከጅረቷ አጠገብ ዘረጉ። እናትየዋ የስድስት ዓመት ልጇን ቀሚስ ሰብስባ እየያዘች ወደኔ ዞረች።

«እህቴ፣ ኢድ ሙባረክ። ውሃው ለልጆች ይሆናል? ደፍርሷል መሰለኝ።»

«ዝናብ ነው ያደፈረሰው» አልኳት። «ንጹሕ ነው፣ ትግባ።»

ብዙም አልቆየም። ልጅቷ መጀመሪያ አላለቀሰችም፤ እግሯን ከውሃው አውጥታ ደሙን እያየች ነበር የቆመችው። ጩኸቷን ስትለቅ እኔ ነበርኩ ቀድሜ የደረስኩት። በነጠላዬ እግሯን ጠቅልዬ፣ አቅፌያት እስከ አስፋልቱ ሮጥኩ፤ ባጃጅ አስቁሜ ከእናትየዋ ጋር ጤና ጣቢያ አደረስናት። ነርሷ ከውስጥ የጠርሙስ ስባሪ አወጣች። ጅማት ተነክቷል አለች፤ ቁስሉ ይድናል፣ የእግሯ አውራ ጣት ግን እንደ ድሮው ላይታጠፍ ይችላል። ልጅቷ ቁስሏ ሲሰፋ እጄን ጨምድዳ ይዛ ነበር። እናትየዋ አንገቴን አቅፋ አለቀሰች።

«አላህ ያክብርሽ፣ እህቴ። አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር? አላህ ልጆችሽን ያሳድግልሽ።»

አሜን አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ወደ መናፈሻው ስመለስ ጋሼ በሩ አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሰምተው ነው የመጡት። ዛሬ የምዞርበት ጉልበት አልነበረኝም።

«ፋይሌ ካለቀ ወር ሊሞላው ነው» አሉኝ። «ሁለቴ መጥቼ ነበር፣ ልነግርሽ።»

«አይቼዎታለሁ፣ ጋሼ።»

«እኔም እንዳየሽኝ አይቻለሁ። ሮጬ ልይዝሽ ጉልበት የለኝ።» ከዘራቸውን መሬት ላይ አሹ። «ልፈርድብሽ አልመጣሁም። በምን አፌ? አሥራ አንድ ዓመት እኮ ነው እኔ የዞርኩት።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እሳቸውን ስወቅስ ነበር የከረምኩት፤ አሁን የምወቅሰው ሰው አጣሁ።

በማግስቱ ሁሉንም ጻፍኩ። ፊርማዬን፣ አጥሩን፣ ጥግ አድርገው ያልኩትን፣ ውሃው ንጹሕ ነው ያልኩትን። ሁለት ገጽ ሆነ። ኃላፊዬ አንብቦ ሲጨርስ ቦታው ድረስ መጣና ክምሩን ዞሮ አየው። ጋሼ ኮታቸውን ለብሰው መጥተው ቃላቸውን ሰጡ፤ ጡረታቸውን የነካባቸው የለም። ለኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፣ ፋይሌ ውስጥ ተያያዘ፣ አለቀ። ሰኞ ጠዋት አንድ ሎደርና ሁለት ገልባጭ መኪና መጡ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተዳፋቱ ባዶ ሆነ፣ ቀይ አፈሩ ታየ። ያን ሁሉ ወራት ያሰረኝ ነገር የአንድ ቀን ሥራ ነበር። ሾፌሮቹ ሻይ ጠጥተው ሲሄዱ እኔ ባዶው መሬት ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እናትየዋ ልጇን ይዛ መጣች። ልጅቷ በተረከዟ እየረገጠች ትንሽ ታነክሳለች። እናትየዋ በማሰሮ ከማሻ የመጣ ማር ይዛልኝ ነበር።

«ላንቺ ነው» አለችኝ አግዳሚው ላይ እያስቀመጠች። «ቤት ውስጥ እኮ ስምሽን ስለማናውቀው፣ ልጄ ‘ያቺ የተሸከመችኝ’ ነው የምትልሽ።»

መቀበል እችል ነበር። ደብዳቤውን ያነበቡት የቢሮ ሰዎች ብቻ ናቸው፤ እሷ በምንም መንገድ አትሰማም። ማሩን ተቀብዬ፣ ልጅቷን ስሜ፣ ደግ ሴት ሆኜ መቅረት እችላለሁ። አየኋት፣ ታምነኛለች።

«ያን ቀን ውሃው ንጹሕ ነው ስልሽ፣ ንጹሕ እንዳልሆነ አውቅ ነበር» አልኳት።

አልገባትም። «እንዴት?»

ነገርኳት። ከላይ ተንዶ ጠርሙስ መግባቱን፣ ጠዋት ያየሁትን፣ የታየኝን ብቻ ማውጣቴን። ሳላሳጥር ነገርኳት። ልጅቷ ከጎናችን ሣር እየነጨች ትጫወታለች።

«ስትሸከሚያትም ታውቂ ነበር?» አለችኝ እናትየዋ ቀስ ብላ።

«አውቅ ነበር።»

«ያን ሁሉ ስመርቅሽ?»

«ያኔም።»

ተነሳች። ልጅቷን «ነይ፣ እንሂድ» አለቻት። ልጅቷ ልትስመኝ ወደኔ ስትመጣ፣ ሳትቆጣ እጇን ያዘቻትና ወደ በሩ ይዛት ሄደች። ልጅቷ እያነከሰች ወደ ኋላ ዞራ እጇን አወዛወዘችልኝ። ማሩ አግዳሚው ላይ ቀርቷል።

«ማርሽን ረሳሽ!» ብዬ ተጣራሁ።

ቆመች፤ ግን አልዞረችም።

«አልረሳሁትም» አለችኝ። «ብይው።»